የቀዛፊው ምርጫ

ቀዛፊው አያ ጎሹ ሞቷል። ፊታውራሪ ድልነሳው ደግሞ ዛሬውኑ ሐይቁን ተሻግረው ከወንድማቸው ልጅ ሰርግ መድረስ አለባቸው፤ የማዶው ከበሮ እዚህ ድረስ ይሰማል።

ለቦታው ሁለት ሰዎች ቀረቡ። አንዱ የፊታውራሪው የእህት ልጅ ነው። ሌላው ታንኳ የሚሠራበትን ደንገል እያጨደ የሚኖር ድሃ ነው፤ ይህን ሥራ ካጣ አገር ጥሎ መሄዱ ነው። ፊታውራሪው ሦስት አዋቂዎች ጠርተው፣ ሁለቱንም ታንኳ ላይ ሳያወጡ፣ ዛፍ ጥላ ሥር አስመዘኗቸው።

ስለ እህታቸው ልጅ አንደኛው አዋቂ “ክንዱ ጠንካራ ይመስለኛል” አለ። ሁለተኛው “ሐይቁን ሳያውቀው አይቀርም” አለ። ሦስተኛው “ማዕበል ቢነሳ ምናልባት አይደነግጥም” አለ። ስለ ድሃው ግን “ምላሰኛ ነው” አሉ፤ በዚህስ ሦስቱም እርግጠኛ ነበሩ።

ፊታውራሪው ደስ አላቸው። “ሦስት አዋቂ መሰከረለት! አንተስ ምን ትላለህ? አዋቂዎቼን ዋሹ ካልክ ትገረፋለህ።”

“ኧረ ምን ቆርጦኝ፣ ጌታዬ!” አለ ድሃው። “እንዲያውም ሦስቱንም ታንኳዋ ላይ አሳፍረው ከልጁ ጋር ይሻገሩ። መሐል ሐይቅ ላይ ታንኳዋ ብትገለበጥም ስጋት አይግባዎ፤ እኔ ከዳር አለሁ። ጩኸትዎን ሳልሰማ አልቀርም፣ ዋናም የምችል ይመስለኛል፣ ምናልባትም እደርስልዎታለሁ።”

ሦስቱ አዋቂዎች ከውሃው ራቅ አሉ። ፊታውራሪው ይህን አይተው ሳቃቸው አመለጣቸው፤ መቅዘፊያውንም ለድሃው ሰጡት።

አመሻሽ ላይ ከሰርጉ መልሶ አመጣቸው። ከዚያም የአያ ጎሹን ታንኳ ከውሃው አወጣና፣ አያ ጎሹ ያደርግ እንደነበረው፣ እንድትደርቅ ከዛፉ አስደግፎ አቆማት።