የአባባ ወንድይራድ የገና ዱላ

በአንድ ወቅት፣ ውርጭ እንደ ልቡ በሚፈነጭባት ውርጭ አምባ በምትባል ደጋ ከተማ፣ የታዳጊዎች የገና ጨዋታ ሊግ ነበረ። ሊግ ስላችሁ ሣር የለበሰ ስታዲየም እንዳታስቡ። ሜዳው ከከተማው ግርጌ ያለው ጨፌ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ጨፌው በረዶ ሆኖ ያድራል፤ ጎህ ሲቀድ ልጆቹ ጫፉ የተቆለመመ ዱላቸውን ይዘው ይወጡበትና ሩር የምትባለውን የእንጨት ኳስ እያንሸራተቱ ይጋጠማሉ። ፀሐይ ከፍ ስትል በረዶው ይቀልጣል፣ ጨፌው ጭቃ ይሆናል፣ ጨዋታውም ያበቃል።

ሰዓት የሚይዝ ሰው አልነበረም። ዳኛው መምህር ልሳነወርቅ አንድ የተቀደደ ጫማ ነበራቸው፤ የቀለጠው ውኃ ገብቶ ጣታቸውን ሲነካቸው ፊሽካ ይነፋሉ። አንድ ዓመት አንድ ደግ ሰው አዲስ ጫማ ቢገዛላቸው፣ ሕዝቡ «ሊጉን ሊያበላሽብን ነው!» ብሎ ተነሣና ጫማውን አስመለሰ።

ሌላም ሕግ ነበር። በገና ጨዋታ መሳደብ ይፈቀዳል፤ መቆጣት ግን አይፈቀድም። ተጫዋች ተጫዋችን፣ ተመልካች ዳኛን፣ ልጅ ሽማግሌን በግጥም ቢወርፍ ማንም ምንም አይለውም። የተቆጣ ግን ወዲያው ከሜዳ ይወጣል፤ ጨዋታው እስኪያልቅም አይመለስም።

በሊጉ አራት ሠፈሮች ይጫወቱ ነበር፦ ላይ ሠፈር፣ ታች ሠፈር፣ ገበያ ሠፈርና ወፍጮ ሠፈር። ላይ ሠፈር ሁልጊዜ መጨረሻ ነው። መሸነፉን ስለለመዱት እናቶች እንኳ «ዛሬስ በስንት ተሸነፋችሁ?» ነው የሚሉት እንጂ «አሸነፋችሁ ወይ?» አይሉም። በዚህ የተሰላቸው የሊጉ ኮሚቴ፣ ዘንድሮ መጨረሻ የሚወጣው ቡድን እንዲፈርስና ልጆቹ ለሌሎቹ ሠፈሮች እንዲታደሉ ወሰነ። የታች ሠፈር ልጆች ይህን ሲሰሙ «እናንተንማ ሩር አመላላሽ እናደርጋችኋለን» እያሉ መንገድ ላይ ይስቁባቸው ጀመር።

አባባ ወንድይራድ የሚባሉ የላይ ሠፈር ሽማግሌ በወጣትነታቸው የሠፈሩ ቡድን አለቃ ነበሩ። ከወይራ የተጠረበ የገና ዱላቸው ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ይኖራል፤ አቧራውን እሳቸው ካልሆኑ ማንም አይጠርገውም። ሦስቱን የልጅ ልጆቻቸውን ያሳደጓቸውም እሳቸው ናቸው፤ ሦስቱም የሚጫወቱት ለዚያው ተሸናፊ ቡድን ነው። ትልቁ አዝመራው ክንደ ብርቱ ነው። መካከለኛው ሽመክት ዝምተኛ፣ ነገር አሳቢ ነው። ትንሹ ይርሳው ምላስ ነው፤ ሌላ የሚነገርለት ነገር የለም።

የጨዋታው ወቅት እንደተለመደው ጀመረ። ገበያ ሠፈር አሸነፋቸው። ከወፍጮ ሠፈር ጋር እኩል ለእኩል ተለያዩ፤ ያንንም እንደ ድል ቆጥረው ጨፈሩ። የቀራቸው ታች ሠፈር ብቻ ነበር፤ ካሸነፉ ቡድናቸው ይተርፋል፣ ካላሸነፉ ይፈርሳል። የታች ሠፈር አለቃ ደግሞ ጠጋው ነው። ጠጋው ግብ ላይ ሲቆም ግቡ አይታይም፤ ቢወድቅም ተጋድሞ ይዘጋዋል።

አባባ ወንድይራድ ይህን ጊዜ ዱላቸውን ከግድግዳ አወረዱ።

«ቡድኑን ያዳነ ይህን ዱላ ይወስዳል፤ ለከርሞ አለቃም እሱ ነው» አሉ። «ዱላው አንድ ነው፤ አለቃም አንድ።»

ምነው ዝም ባሉ! ሽማግሌ ቃል ሲሰጥ ማን አስቦ ያውቃል?

ሽመክት ዋዜማውን፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፣ ዶማ ይዞ ወደ ጨፌው ወረደ። የመስኖውን ቦይ ከፍቶ በምሥራቁ ግብ ፊት ውኃ አሰራጨ። ታች ሠፈሮች ፀሐይ ዓይናቸውን እንዳትወጋቸው ሁልጊዜ የምሥራቁን ግብ እንደሚመርጡ ልብ ብሎ ያውቃል። ሌሊቱን ያ ቦታ መስታወት ሆኖ አደረ። ለራሱ ቡድን ደግሞ ጆንያ ቀዶ የሁሉንም እግር ጠቀለለ፤ ጆንያ በረዶ ላይ አያንሸራትትም። ሕዝቡ ላይ ሠፈሮችን ሲያይ «እህል ጭነው መጡ!» ብሎ ተንከተከተ። ጨዋታው ሲጀመር ግን ሳቁ ዞረ። ጠጋውና ጓደኞቹ በፕላስቲክ ጫማቸው ተነሥተው ይወድቃሉ፣ ወድቀው ይነሣሉ፣ ሲነሡ እርስ በርስ ተያይዘው ይወድቃሉ። አንዳንዱ ተመልካች «ይኼ ማጭበርበር ነው!» ብሎ ጮኸ። መምህር ልሳነወርቅ አሰቡና «ቦይ መክፈትን የሚከለክል ሕግ የለም፤ ውርጩን የላከው ደግሞ እግዜር ነው» ብለው አስቀጠሉ።

ይሁን እንጂ ሩሯ አልገባችም። ጠጋው ወድቆም ግድግዳ ነው፤ የሚመታው ሁሉ ሆዱን እየነካ ይመለሳል። ፀሐይም ወጣች።

ይርሳው ያን ጊዜ ዱላውን በረዶው ላይ ጣለና አፉን ከፈተ። ጠጋውን ማስቆጣት ቀላል አልነበረም፤ ስለ አፍንጫው ሰድበውት ስቋል፣ ስለ አህያው ሰድበውት አጨብጭቧል። ይርሳው ግን የጠጋው የላይ ከንፈር ሰሞኑን እንደጠቆረ፣ ጠጋውም በየመስታወቱ ፊት እንደሚቆም አይቷል። ስለዚህ ወደ ግቡ ተጠግቶ እንዲህ አለ፦

«ጠጋው ጢም አወጣ ሲሉኝ መጣሁ ላየው፣
የድስት ጥላሸት ነው እናቱ ያላየው።»

ጠጋው ፈገግ አለ። ይህንንም ይችለው ነበር፤ እናቱ ወይዘሮ አሰገደች ግን ከተመልካቹ መሀል ነበሩ። የነጠላቸውን ጫፍ በምራቃቸው አርሰው «እስቲ ና፣ ልየው ልጄ!» እያሉ ወደ ሜዳው ገቡ።

«ጢም ነው!» ብሎ ጮኸ ጠጋው። «እማዬ አትምጪ! እውነተኛ ጢም ነው!» ዱላውንም ወርውሮ ጨፌውን አሻገረው። ፊሽካ ተነፋ። ጠጋው በእናቱ እጅ ተይዞ ወጣ።

አዝመራው ሩሯን የያዘው ከሜዳው መሀል ነው። ጠጋው ቢወጣም ሌሎቹ የታች ሠፈር ልጆች አልወጡም፤ አለቃቸው ተሰድቦባቸዋልና በንዴት አፋፍ ላይ ናቸው። አዝመራው አንዱን በትከሻው ገፍቶ አለፈ፣ ሌላውን ዘለለው። ሦስተኛው ቅልጥሙን በዱላ አገኘው። የምቱ ድምፅ ከላይ ሠፈር ድረስ ተሰማ ይላሉ። አዝመራው ቢቆጣ ኖሮ ይወጣ ነበር፤ እሱ ግን የሸሚዙን ኮሌታ ነክሶ፣ እንባው እየወረደ፣ በአንድ እግሩ ቆሞ መታ። ሩሯ በሚቀልጠው በረዶ ላይ ውኃ እየረጨች ሄዳ ግቡ ውስጥ ገባች። መምህር ልሳነወርቅም በዚያው ቅጽበት «ገባ!» አሉ። ሩሯን ይሁን ውኃውን ማለታቸው እንደሆነ እስካሁን አልታወቀም፤ ብቻ ጨዋታው አለቀ፣ ላይ ሠፈርም አሸነፈ።

ደስታው ልክ አልነበረውም። አባባ ወንድይራድ ሰው እያያቸው እንደ ሕፃን አለቀሱ። ሦስቱ ወንድማማቾች ተቃቅፈው ወደ ቤት ገቡና ዱላውን ሲያዩ ተላቀቁ።

«ግቡን ያገባሁት እኔ ነኝ፤ ሩሯ በራሷ አልሄደችም» አለ አዝመራው ያበጠ እግሩን ዘርግቶ።

«አያ አዝመራው፣ በሚንሸራተት እግርህ ላይ ጆንያ ያሰረልህ ማን ሆነና?» አለ ሽመክት። «በረዶው ባይኖር ከመሀል ሜዳ አታልፍም ነበር።»

«በረዶህም ክንዱም ጠጋውን አላስወጡትም» አለ ይርሳው። «እኔ በሁለት መስመር አስወጣሁት።»

አባባ ወንድይራድ ነገሩን ለመጨረስ ዘዴ አሰቡ። አንድ በአንድ ወደ ጓዳ ጠርተው «ራስህን ትተህ ለማን ትሰጣለህ? እውነቱን ንገረኝ» አሏቸው።

አዝመራው ራሱን አከከና «ለይርሳው። ጠጋው ግቡ ላይ ቢኖር የኔም ምት ሆዱን ነክቶ ይመለስ ነበር» አለ። ይርሳው ደግሞ «ለሽመክት። ጠጋው ሲወድቅ ሲነሣ ባይዋረድ ኖሮ ስድቤን በሳቅ ያልፈው ነበር» አለ። ሽመክት በበኩሉ «ለአያ አዝመራው ይስጡት፣ አባባ። እኔን እንደዚያ ቢመቱኝ ተቆጥቼ እወጣ ነበር» አለ።

«ተማክራችሁ ነው እኔን ልትቀጡ የመጣችሁት?» ብለው አባባ ወንድይራድ ሦስቱንም ከጓዳ አስወጧቸው።

በማግስቱ አራተኛ ባለመብት መጣ። ጠጋው ነበር፤ የላይ ከንፈሩ ተላጭቷል።

«አባባ፣ ዱላው ለኔ ነው የሚገባው» አለ። «እኔ ባልቆጣ ኖሮ ቡድናችሁ ዛሬ ፈርሶ ነበር።»

አባባ ወንድይራድ ከሚገባው በላይ አስበው አባረሩት።

ገና አለፈ፣ ክረምትም አለፈ፤ ክርክሩ ግን አላለፈም። ሠፈሩ ሦስት ቦታ ተከፈለ። የክንድ ወገን የሆነ ከምላስ ወገን ጋር ማኅበር አይጠጣም፣ የቦይ ወገን የሆኑት ደግሞ ሁለቱንም አይጋብዙም። አንዱ ብልህ ነኝ ባይ «በየተራ ይያዙት» ቢል፣ አባባ ወንድይራድ «አለቅነት የከብት ጥበቃ ነው እንዴ በየተራ የሚሆነው?» አሉት። ሌላው «ለሦስት ይቆረጥ» ቢል በዚያው ዱላ እስከ ወንዙ አሳደዱት። «ለራስዎ ያስቀሩት» ላላቸው ደግሞ «ቃል ሰጥቻለሁ» አሉ።

ከሁሉ የከፋው ግን ይኼ ነው፦ ሦስቱም «ዱላውን ሌላው ከወሰደ ከሱ ሥር አልጫወትም» ብለው ማሉ። ጓዳ ውስጥ ያሉትን ሁሉም ረስተውታል፤ ያስታወሰ ቢኖርም አያምንም። ኮሚቴው ያላፈረሰውን ቡድን ሽልማቱ ሊያፈርሰው ሆነ።

አሁን ኅዳር ገብቷል፣ ጨፌውም በረዶ ሆኖ አድሯል። ታች ሠፈሮች እግራቸውን በጆንያ ጠቅልለው፣ ስድብም አጥንተው ከሜዳው ማዶ ቆመዋል። መምህር ልሳነወርቅ ፊሽካቸውን አፋቸው ላይ አድርገው «የላይ ሠፈር አለቃ ማን ነው? ይምጣ!» እያሉ ይጣራሉ። አባባ ወንድይራድ የወይራ ዱላቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ከበረዶው ዳር ናቸው፤ ሦስቱ የልጅ ልጆቻቸው ፊታቸው ቆመዋል፣ ሦስቱም እጃቸውን ዘርግተዋል።

እንግዲህ የሰማችሁ ሁሉ ፍረዱ፦ ዱላው የሚገባው ለማን ነው? ሩሯን ለመታው ለአዝመራው፣ በረዶውን ለሠራው ለሽመክት፣ ወይስ ጠጋውን ላስቆጣው ለይርሳው?