ንጉሡ ሠ፣ እሳቱ ሰ እና አልጥልም ያለችው ዶሮ

እናንተ ጆሮ አዋጡ፣ እኔ ወሬ አዋጣለሁ።

እማማ በላይነሽ የሚባሉ ሴት ነበሩ። ኩሩ ናቸው፤ ምላሳቸውም አይተኛም። ሃምሳ አምስት ቀን ጾመው፣ ፋሲካ ካለፈ በኋላ የፈለጉት አንድ ነገር ብቻ ነው። አንድ እንቁላል። በቅቤና በቃሪያ የተጠበሰ፣ ከገዛ ዶሯቸው የተገኘ። የጎረቤት እንቁላል አይበሉም። "የሰው ዶሮ ምን ስትለቅም እንደዋለች ማን ያውቃል?" ይላሉ።

ዶሯቸው ገብስማ ናት። ድሮ በየቀኑ ትጥል ነበር። አሁን ግን እማማ በላይነሽ እጃቸውን ወደ ጎጆዋ ሲሰዱ የሚያገኙት ጭድ ነው። አንድ ቀን ጭድ፣ ሁለት ቀን ጭድ፣ ሳምንቱን ሙሉ ጭድ።

"ምነው ገብስሜ፣ ምን አጠፋሁ?" አሏት።

ዶሮዋ አንገቷን አስግጋ ወደ ግቢው አየች። እዚያ የልጅ ልጃቸው ሠናይት ቤቱን እየዞረች ትሮጣለች። ዱብ፣ ዱብ፣ ዱብ። ሃያ ዙር ስትጨርስ መሬት ላይ በደረቷ ተኝታ በክንዷ ትነሳለች፣ ትወርዳለች። ከዚያ አሸዋ የሞላ ጄሪካን ተሸክማ ቁጢጥ ብድግ ትላለች። ይሄ ሁሉ አልበቃ ብሏት የዶሮዋን ቆጥ እንጨት ጨብጣ ትንጠለጠላለች፤ አገጯን እንጨቱ ላይ አድርሳ ትወርዳለች። ቆጡ ይንቀጠቀጣል። መሬቱ እየተንቀጠቀጠ የትኛዋ ዶሮ ትጥላለች?

"አንቺ ልጅ፣ ባንቺ የተነሳ ዶሮዋ አልጥልም አለች። ሩጫውን አቁሚ።"

"አላቆምም እማማ" አለች ሠናይት፣ እየሮጠች። "የእጩ መኮንን ምዝገባ ዐርብ ይዘጋል። ሰኞ የሩጫ ፈተና ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ጠብቄያለሁ። ዘንድሮ ካመለጠኝ ለከርሞ ዕድሜዬ ያልፋል።"

"ታዲያ ተመዝግበሽ አትቀመጪም?"

"መቶ አለቃው አልመዘግብም አለኛ። ቢመዘግበኝ እስከ ሰኞ አርፍ ነበር፤ ከፈተና በፊት እግር ይረፍ ይላሉ። እስኪመዘግበኝ ግን ካልሮጥኩ እፈነዳለሁ።"

እማማ በላይነሽ ነጠላቸውን አጣፉ። "ዶሮዋ አልጥልም አለች፤ ልጅቷ አላቆምም አለች። አንድ እንቁላል ፈልጌ ወታደር ዘንድ ልሂድ? ይሁን" አሉና ወጡ። ሠናይትም ከኋላቸው ሶምሶማ እየሮጠች ተከተለች።

መቶ አለቃ ኡርጌሳ በወረዳው ግቢ ድንኳን ጥሎ፣ ጠረጴዛ ዘርግቶ ተቀምጧል። ፊቱ የደግ ሰው ፊት ነው፤ ያ ነው ይበልጥ ያናደዳቸው።

"ልጄ፣ ዶሮዬ አልጥልም አለች፣ ልጅቷ አላቆምም ስላለች። ልጅቷ አላቆምም አለች፣ አንተ አልመዘግብም ስላልክ። መዝግባትና ገላግለኝ።"

"እኔ ምን ቸገረኝ እማማ? ወረቀቷን ይዩት። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ካርዷ ላይ ሠናይት የተጻፈው በንጉሡ ሠ ነው። የቀበሌ መታወቂያዋ ላይ በእሳቱ ሰ ነው። በወረቀት ከሄድን ሁለት ሰው ናት።"

"አንድ ናት። እኔ ነኝ ያሳደግኳት። የምትበላው ግን የሁለት ነው፤ እሱን አልክድም።"

"ደንብ ነው እማማ።"

"እስቲ በስሟ ጥራት።"

"ሠናይት" አለ መቶ አለቃው።

"አቤት" አለች፣ ባለችበት እግሯን እያነሳች እየጣለች።

"አሁን በየትኛው ሰ ነው የጠራሃት?"

መቶ አለቃው ጢሙን አሻሸ። "ወረቀት ጆሮ የለውም እማማ። የቀበሌው ጸሐፊ መታወቂያዋን ያርም፤ ያኔውኑ እመዘግባለሁ።"

ወደ ቀበሌ ሄዱ። ጸሐፊው አቶ ቸኮል ይባላል። ስሙ ብቻ ነው እንጂ ከተወለደ ጀምሮ ቸኩሎ አያውቅም። ቆሎ እየቆረጠመ ነበር።

"አንተ ቸኮል፣ ዶሮዬ አልጥልም አለች፣ ልጅቷ አላቆምም ስላለች። ልጅቷ አላቆምም አለች፣ መቶ አለቃው አልመዘግብም ስላለ። መቶ አለቃው አልመዘግብም አለ፣ አንተ መታወቂያውን ስላላረምክ። አርምልኝ።"

"እማማ፣ መታወቂያ የሚታረመው መዝገብ ታይቶ ነው። መዝገቡ ዝናሽ ዘንድ ነው። እሷ ሳትከፍት እኔ አላርምም። ደግሞ ዛሬ ረቡዕ ነው፤ ምን ያስቸኩላል? ቆሎ ይውሰዱ።"

"አንተ ስትወለድ እልል ያልኩት እኔ ነኝ። ዛሬ ቢሆን አስብበት ነበር" አሉት። ቆሎውን ግን ዘግነው ወጡ።

መዝገብ ቤት ከጀርባ ያለችው ጠባብ ክፍል ናት፤ ያን ቀን ተዘግታ ነበር። በማግስቱ፣ ሐሙስ፣ ከዝናሽ በፊት ደርሰው ደጃፉ ላይ ጠበቋት። ዝናሽ ቁልፏን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ መጣች።

"የኔ ልጅ፣ ገና በሩን ሳትከፍቺ ልንገርሽ። ዶሮዬ አልጥልም አለች፣ ልጅቷ አላቆምም ስላለች። ልጅቷ አላቆምም አለች፣ መቶ አለቃው አልመዘግብም ስላለ። መቶ አለቃው አልመዘግብም አለ፣ ቸኮል አላርምም ስላለ። ቸኮል አላርምም አለ፣ አንቺ መዝገብ ስላልከፈትሽ። ክፈቺው።"

"አልከፍትም እማማ። ባለፈው ክረምት ጣሪያው አፍስሶ ያን መዝገብ ውሃ ነክቶታል። የሠናይት ስም መነሻው ፈሷል፤ የትኛው ሰ እንደነበር አይለይም። ከፍቼ በግምት ባሳይ ነገ ተጠያቂዋ እኔ ነኝ። ፊደል የሚያውቅ ሰው ይመስክርና ያን ቀን እከፍታለሁ።"

"ፊደል የሚያውቅ ማን ነው?"

"መሪጌታ ልሳነወርቅ ናቸዋ።"

እማማ በላይነሽ መንገድ ላይ ብቻቸውን አጉረመረሙ። ሠናይት ግን ዳገቱን ሁለት ጊዜ ወጥታ ሁለት ጊዜ ወርዳ ጠበቀቻቸው።

"ቁሚ እንጂ አንቺ፤ ሳይሽ ይደክመኛል።"

"ነገ ዐርብ ነው እማማ" አለች ሠናይት። ድምጿ ውስጥ ለቅሶ ነበረበት። እማማ በላይነሽ ከዚያ በኋላ ቁሚ አላሏትም።

መሪጌታ ልሳነወርቅ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ተቀምጠው አገኟቸው።

"መሪጌታ፣ እርስዎ ሰው ይሰማሉ፤ ይስሙኝ። ዶሮዬ አልጥልም አለች፣ ልጅቷ አላቆምም ስላለች። ልጅቷ አላቆምም አለች፣ መቶ አለቃው አልመዘግብም ስላለ። መቶ አለቃው አልመዘግብም አለ፣ ቸኮል አላርምም ስላለ። ቸኮል አላርምም አለ፣ ዝናሽ አልከፍትም ስላለች። ዝናሽ አልከፍትም አለች፣ እርስዎ ስላልመሰከሩ። ይመስክሩና ልረፍ።"

መሪጌታ በረጅሙ ተነፈሱ። "መጽሐፉ የሚለውን አውቃለሁ። ስም ግን ያወጣው ሰው ነው። ንጉሡን አስቦ እንደሆነ፣ እሳቱን አስቦ እንደሆነ ራሱ ይናገር። ከሰው አፍ ነጥቄ አልመሰክርም። ስሟን ማን አወጣላት?"

ሠናይት የምታነሳው እግር አየር ላይ ቀረ።

"እማማ ናት" አለች።

ይኼን ጊዜ ነገሩ ዞሮ ዞሮ እማማ በላይነሽ እግር ሥር ወደቀ። ሁለት ቀን ሙሉ ሰው ሲወቅሱ ከርመው የመጨረሻዋ እምቢ ባይ እሳቸው ሆነው አረፉት። እና መናገር አልቻሉም። ለምን ቢባል፣ እማማ በላይነሽ ፊደል አያውቁም። ከተማው ግን ያውቃሉ ይላል። ዘወትር እሑድ መጽሐፍ ዘርግተው ይቆማሉ፣ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፣ ገጹንም ይገልጣሉ። ይኼን አርባ ዓመት ሲያደርጉ ማንም አልጠረጠራቸውም።

"ነገ መዝገብ ቤት እናገራለሁ" አሉና ፊታቸውን አዙረው ሄዱ።

ዐርብ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ሁሉም መዝገብ ቤት ተሰበሰበ። መሪጌታ ወንበር ላይ፣ ዝናሽ ከነቁልፏ፣ ቸኮል ከነቆሎው። ሠናይት በሩ ላይ። ምዝገባው አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይዘጋል።

ቸኮል ወረቀትና እስክሪብቶ ገፋ አደረገላቸው። "እማማ፣ እርስዎ የተማሩ ሰው ነዎት። ያሰቡትን ሰ በእጅዎ ይጻፉልንና እናብቃ።"

እማማ በላይነሽ እስክሪብቶውን አዩት። በልባቸው ቆጠሩት፤ እኔ ካልተናገርኩ መሪጌታ አይመሰክሩም፤ መሪጌታ ካልመሰከሩ ዝናሽ አትከፍትም፤ ዝናሽ ካልከፈተች ቸኮል አያርምም፤ ቸኮል ካላረመ መቶ አለቃው አይመዘግብም፤ መቶ አለቃው ካልመዘገበ ይቺ ልጅ ዕድሜ ልኳን ቤቴን እየዞረች ትሮጣለች። በሩ ላይ የቆመችውን አዩ። ጥፍሯን እየበላች ነው።

"እኔ ፊደል አልቆጠርኩም" አሉ። ድምጻቸውን ዝቅ አላደረጉም። "መጽሐፉን የምይዘው ለወጉ ነው። ስሟን ያወጣሁት በአፌ ነው፤ እናቷ ከአራስ አልጋ ገና ሳትነሳ፣ መልካም ሁኚ ብዬ። አፍ ደግሞ ሁለት ሰ የለውም። የሚስቅ ካለ አሁን ይሳቅና እንጨርስ።"

ማንም አልሳቀም። ቸኮል እንኳ ማኘኩን አቆመ።

"በሉ ሁለቱን ሰ አሳዩኝ።"

መሪጌታ ሁለቱን ፊደል አግዝፈው ጻፉ። እማማ በላይነሽ ጎንበስ ብለው ገበያ ላይ እንደሚገዙት በግ መረመሯቸው።

"ይኼ ሁለት እግር ያለው ማን ነው?"

"ሰ፣ እሳቱ።"

"ይኼ በአንድ እግሩ የቆመውስ?"

"ሠ፣ ንጉሡ።"

"ሁለት እግር ያለውን አልፈልግም፤ ይሮጣል። ሩጫ እዚህ ድረስ በቅቶኛል" አሉ ጉሮሯቸውን እያሳዩ። "በአንድ እግሩ የቆመውን ጻፉልኝ። እሱ የትም አይሄድም።"

መሪጌታ እስኪያስላቸው ሳቁ። "መጽሐፉም የሚለው እሱኑ ነው" አሉ።

"ታዲያ ይኼን ሁሉ መንገድ ለምን አስኬዱኝ?"

ከዚያማ ማን ይያዘው። እማማ በላይነሽ ተናገሩ፣ መሪጌታ መሰከሩ። መሪጌታ መሰከሩ፣ ዝናሽ መዝገቡን ከፈተች። ዝናሽ ከፈተች፣ ቸኮል መታወቂያውን አረመ፤ በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ ቸኮለ፣ ቆሎው ተደፋ። ቸኮል አረመ፣ ሠናይት መታወቂያዋን ይዛ በረረች። ለአሥራ አንድ ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲል መቶ አለቃው መዘገበ። መቶ አለቃው መዘገበ፣ ልጅቷ ሩጫዋን አቆመች። ልጅቷ አቆመች፣ ቆጡ ጸጥ አለ። ቆጡ ጸጥ አለ፣ ቅዳሜን አልፎ እሑድ ጠዋት እማማ በላይነሽ እጃቸውን ወደ ጎጆዋ ሲሰዱ ሞቅ ያለ ነገር ነካቸው።

በቅቤና በቃሪያ ጠበሱት። በርጩማቸው ላይ ተቀምጠው ቀስ ብለው፣ ለማንም ሳያካፍሉ በሉት። ሠናይት እግሯን ዘርግታ ምንጣፉ ላይ ጋደም ብላ ታያቸዋለች።

"እማማ፣ ደብዳቤ በመጣ ቁጥር መነጽሬ ጠፋኝ፣ አንብቢልኝ የምትዪኝ…"

"ዝም ብለሽ እግርሽን አሳርፊ" አሏት። ሳህኑን በጣታቸው ጠረጉ። "ነገ ደግሞ ይኼን ሁሉ አስኬደሽኝ ሁለተኛ ብትወጪ፣ ወዮልሽ።"

አንደኛ ወጣች ይላሉ። እኔ የያዝኩትን አራገፍኩ፤ የጎደለ ካለ ዶሮዋን ጠይቁ።