ቲማቲም አልሸከም ያለው ከረጢት

ተረት ተረት! የቲማቲም መሬት! ያልሰማ ይስማ፣ የሰማም አያቋርጠኝ።

በመቂ ገበያ ዘርፌ የምትባል ቲማቲም ሻጭ ነበረች። ምላሷ ሚጥሚጣ፣ ልቧ ቅቤ። ይህች ሴት ፌስታል የሚባል ነገር ደጇ እንዳይደርስ ምላለች፤ ላሟ ቡሬ ከገበያ ዳር ፌስታል ለቃቅማ በልታ፣ ሆዷ ተነፍቶ፣ ዓይኗ እያየ ሞታባታለችና። የቀረቻት ጥጃዋ ቡርቴ ናት። እሷም የእናቷ ልጅ ናት፤ ያገኘችውን ሁሉ ታኝካለች።

"ቡርቴን ለፌስታል ከምገብር ቲማቲሜ ይበስብስ!" ትላለች ዘርፌ። ቲማቲሙም የታዘዘ ይመስል ይበሰብስ ጀመር፤ ገዢው ሁሉ "መያዣ የለሽም?" እያለ ወደ ጎረቤቷ ይሻገራላ!

ከገበያው ጀርባ በትንሽ ወርክሾፕ ስታርች ከሚሉት ነጭ የበቆሎ ዱቄት ከረጢት የምትሠራ ማስተዋል የምትባል ወጣት ነበረች። "እትዬ ዘርፌ፣ ይሄኛው አፈር ሲነካው ይበሰብሳል፣ ከብትም አይገድል። እስቲ ይሞክሩት" ብላ ሰጠቻት። የመጀመሪያው ገዢ ረጅሙ ዱባለ ነበር። ቲማቲሙን አስመዝኖ ገና ዞር ሳይል ከረጢቱ ጧ! ቲማቲሙ ሜዳ ለሜዳ ተንከባለለ። ዱባለም ባዶ እጁን እያራገፈ፣ እያጉረመረመ ሄደ።

ዘርፌ ከረጢቱን ጆሮውን ይዛ አነሳችው።

"አንተ ከረጢት፣ ቲማቲሜን ተሸከምልኝ እንጂ!"

"አልሸከምም። ገላዬ ስታርች ነው፤ ስታርች ካልጠነከረ እኔ ምን አባቴ ላድርግ?"

ሄደች ወደ ስታርች። "ስታርች፣ ስታርች፣ ጠንክርልኝ! ከረጢት አልሸከም አለ፣ ቲማቲሜ ሜዳ ላይ ቀረ!"

"አልጠነክርም" አለ ስታርች ተዝረክርኮ። "እኔ ለገንፎ እንጂ ለሸክም አልተፈጠርኩም። የተጨመረብኝ ጥቁሩ ዱቄት ይደግፈኝና እናያለን።"

ጥቁሩ ዱቄት ስሙ ግራፊን ነው። የእርሳስ ልብ ከሚሠራበት ነገር ተልጦ የወጣ ነው፤ ከሽንኩርት ልጣጭ ይሳሳል፣ ጉልበቱ ግን የጉድ ነው። ማስተዋል በብልቃጥ አስቀምጣዋለች። ዘርፌ ብልቃጡን አንኳኳች።

"ዱቄት፣ ዱቄት፣ ደግፍልኝ! ስታርች አልጠነክር አለ፣ ከረጢት አልሸከም አለ፣ ቲማቲሜ ሜዳ ላይ ቀረ!"

"አልደግፍም" አለ ዱቄቱ እያዛጋ። "ማስተዋል በርበሬ መስዬያት በጭልፋ ጨመረችኝ፤ እኔ የምፈለገው በቁንጥር ነው! ስበዛ ከወንድሞቼ ጋር ተቃቅፌ እተኛለሁ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይላሉ፤ እኛ ግን ስንጓጉል ቲማቲም እንኳ አናስርም። ውሃ ይለያየን።"

ማስተዋል ይህን ሰምታ ጭልፋዋን ከኋላዋ ደበቀች። ዘርፌ ወደ ባልዲው ዞረች።

"ውሃ፣ ውሃ፣ ለያይልኝ! ዱቄት አልደግፍ አለ፣ ስታርች አልጠነክር አለ፣ ከረጢት አልሸከም አለ፣ ቲማቲሜ ሜዳ ላይ ቀረ!"

"አልለያይም። በሰው ፀብ ምን ጥልቅ አደረገኝ? ያ የሚያርገፈግፈው የማስተዋል ነዛሪ ማሽን ይንዘረኝና ያኔ እለያያቸዋለሁ።"

"ማሽን፣ ማሽን፣ ንዘርልኝ! ውሃ አልለያይ አለ፣ ዱቄት አልደግፍ አለ፣ ስታርች አልጠነክር አለ፣ ከረጢት አልሸከም አለ፣ ቲማቲሜ ሜዳ ላይ ቀረ!"

"አልነዝርም። መብራት ጠፍቶ በምኔ ልንዘር?"

ዘርፌ አንገቷን ወደ ሽቦው ቀና አደረገች። "መብራት፣ መብራት፣ ናልኝ! ማሽን አልነዝር አለ፣ ውሃ አልለያይ አለ፣ ዱቄት አልደግፍ አለ፣ ስታርች አልጠነክር አለ፣ ከረጢት አልሸከም አለ፣ ቲማቲሜ ሜዳ ላይ ቀረ!"

"አልመጣም። ፊውዙ ተቃጥሏል። የመብራት ሠራተኛው ይቀይረው።"

የመብራት ሠራተኛው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ረጅሙ ዱባለ! ዘርፌ ጠዋት ያስቀየመችው ሰው ነዋ። ግን የቸገረው እርጉዝ ያገባል፤ ሄደች። ዱባለ መሰላሉን ተደግፎ ሆዱን ያሻል።

"ጋሽ ዱባለ፣ በሞቴ ፊውዙን ይቀይሩልኝ! መብራት አልመጣ አለ፣ ማሽን አልነዝር አለ፣ ውሃ አልለያይ አለ፣ ዱቄት አልደግፍ አለ፣ ስታርች አልጠነክር አለ፣ ከረጢት አልሸከም አለ፣ ቲማቲሜ ሜዳ ላይ ቀረ!"

"አልቀይርም። በባዶ ሆድ መሰላል ላይ ልውጣና ልፈጥፈጥልሽ? ትርንጎ ምሳ ከልክላኛለች።"

የዱባለ ሚስት ትርንጎ ዘንድ ስትደርስ ዘርፌ ትንፋሽ አጥሯታል።

"እትዬ ትርንጎ፣ ለባልሽ ምሳ ስጪልኝ! ዱባለ ፊውዝ አልቀይር አለ፣ መብራት አልመጣ አለ፣ ማሽን አልነዝር አለ፣ ውሃ አልለያይ አለ፣ ዱቄት አልደግፍ አለ፣ ስታርች አልጠነክር አለ፣ ከረጢት አልሸከም አለ፣ ቲማቲሜ ሜዳ ላይ ቀረ!"

"አልሰጥም!" አለች ትርንጎ ወገቧን ይዛ። "ለስልስ ቲማቲም ግዛ ብዬ ብልከው እጁን እያወዛወዘ ተመለሰ። 'ከረጢቱ በተነው' ይለኛል። ቲማቲም ሳይመጣ ምሳ የለም።"

ዞሮ ዞሮ ከቤት፣ ኖሮ ኖሮ ከመሬት! ዘርፌ ያንን ሁሉ ደጅ የጠናችው ለገዛ ቲማቲሟ ኖሯል። መጀመሪያ ተናደደች፤ ቀጥሎ ሳቋ አመለጣት።

"ቆይ፣ ከረጢት ካልተሸከመ እኔስ እጅ የለኝም?"

ሮጣ ገበያ ተመለሰች። ነጠላዋን ዘረጋች፤ ያልፈረጠ ያልፈረጠውን ለቀመች፤ ቋጥራ አዝላ መጣችና ትርንጎ ጓዳ ዘረገፈችው።

ትርንጎ ስልሱን ሠራች፣ ዱባለ ጠገበ። ዱባለ ፊውዙን ቀየረ፣ መብራት መጣ። መብራት ሲመጣ ማሽን ነዘረ፣ ማሽን ሲነዝር ውሃ ለያየ። ማስተዋልም ለዚህ ጭልፋዋን ጥላ ዱቄቱን ውሃው ውስጥ በቁንጥር ነበር የጨመረችው። ዘርፌ "ጨመር አድርጊው እንጂ፣ ምን ያሰስትሻል!" ብትላት እጇን መታ አደረገቻት። ዱቄት ደገፈ፣ ስታርች ጠነከረ። ማስተዋል አበሰለችው፣ እንደ ቂጣ ስስ አድርጋ ዘረጋችው፣ ሲደርቅ ሰፋችው። ከረጢት ቲማቲም ተሸከመ! ዱባለ በገበያው መሃል ከፍ አድርጎ ቢያወዛውዘው እንኳ ንቅንቅ አላለም።

እዚህ ላይ ባቆም ደስ ባለኝ። ግን ዱባለ ቲማቲሙን አውጥቶ ባዶውን ከረጢት ለሰው ሁሉ ሲያሳይ፣ ቡርቴ ከኋላው መጥታ ላፍ አደረገችው። ዋጥ!

ዘርፌ መሬት ላይ ዝርግት ብላ ተቀመጠች። የቡሬ ሆድ፣ የቡሬ ዓይን ትዝ አላት፤ እንባዋ መጣ። ማስተዋልም "አይገድልም ብያለሁ" ማለቱን ትታ ቡርቴን ከኋላ ከኋላ ትከተል ጀመር።

ከዚያማ ምን አለፋችሁ፣ ገበያው ሥራ ፈቶ የአንዲት ጥጃ ቂጥ ጠባቂ ሆነ። ቡርቴ ስትሄድ ይሄዳል፣ ስትቆም ይቆማል። በማግስቱ ረፋድ ላይ ቡርቴ ቆም አለች። ጅራቷን ቀና አደረገች። ሰው ሁሉ አንገቱን አሰገገ።

ዘጭ!

ከረጢቱ እበት ሆኖ ወጣ፤ እልልታው ቀለጠ። ቡርቴ ግን ምን ተገኘ ብላ፣ እያመነዠገች፣ ዓይኗን ወደ ሌላ ከረጢት ወረወረች። ዘርፌ አንገቷ ላይ ተጠመጠመች፤ እያለቀሰች ትስቃለች፣ እየሳቀች ትሳደባለች።

"አንቺ ሆዳም! የእናትሽን ቀን ልትደግሚብኝ ነበር!" ብላ ግንባሯን ሳመቻት።

ከዚያ ቀን ወዲህ ገዢው ሁሉ ከዘርፌ ደጅ ይሰለፋል። እኔም ከሰልፉ ቆሜ ይህን አወራሁ፤ ተረቴን መልሱ፣ ቲማቲሜን ሳትጥሉ አድርሱ።