ቆጣሪው ሲጥል

አንድ ሰው ነበረ። እጁ ሙያ ያለው፣ ለተበላሸ ነገር ሁሉ ሰው መጥራት የማይወድ። እንዲህ ያለ ሰው በየቤታችን አለ፤ አትሳቁ።

አልጋ ላይ የዋሉ እናት ነበሩት። ከጓዳው ጎን ባለችው ክፍል አስተኝቷቸው፣ ብርድ እንዳይነካቸው ማሞቂያ ገዛላቸው። ክፍሏ ግን ሶኬት የላትም። ምን አደረገ? ከሳሎኑ ማከፋፈያ ላይ ገመድ ሳበ። ገመዱ አጠረ፤ ሌላ ቀጠለበት። ናስትሮ አጣ፤ መጋጠሚያውን በፌስታል ጠቀለለው። መጋጠሚያው እናቱ ግርጌ ላይ ዋለ፤ ሰው እንዳያደናቅፍ ብሎ ምንጣፍ አለበሰው።

ማሞቂያውና ምድጃው አብረው ሲበሩ ቆጣሪው ጣለ፤ መብራቱ ጠፋ። መለሰው። ጣለ። ደግሞ መለሰው። ደግሞ ጣለ።

«ምነው ባለሙያ ብንጠራ?» አለችው ሚስቱ ዘርትሁን።

«ለዚች? እኔ እያለሁ!» አለና የቆጣሪውን ማቋረጫ ዘሎ ሽቦውን በቀጥታ አገናኘው። «አሁን ይጣል እስቲ!»

አልጣለም። ሁሉም በራ። ሰውየው ደስ አለው፤ ወገኖቼ፣ እኔን የሚያስፈራኝ ይህ ደስታው ነው።

እሁድ ጠዋት እናቱ «ልጄ፣ የሚሸት ነገር አለ» አሉት። «ጎረቤት ቆሻሻ እያቃጠለ ነው፣ እማዬ» ብሎ በሩን ዘጋላቸውና ከሚስቱ ጋር ወደ ጸሎት ሄደ። እንደ እናንተ ተቀምጦ ስብከት ሰማ። «አሜን» አለ። ያን ጊዜ ፌስታሉ ቀልጦ ምንጣፉ ይጨስ ነበር።

ሲመለስ ግቢው በሰው ተሞልቷል። ጎረቤቶች እናቱን ከነፍራሻቸው ጎትተው አውጥተዋቸዋል። በሕይወት ነበሩ፤ እግራቸው ግን ተቃጥሏል። ሊሸሹበት ያልቻሉት እግር! ልጃቸውን ሲያዩ ምን አሉት? «አንተን አልነካህም?»

«ቆጣሪው ጣለን» እንላለን። ጣለን? ከእሳት ይዞን እኮ ነው!

ሕሊናችሁስ ስንቴ ጣለ? ስንቴ መለሳችሁት? አሁን ዝም ካለ ነገሩ ተስተካክሎ ነው ወይስ ዘላችሁት? ዝምታውን ሰላም ብላችሁት ይሆን? እኔ እፈራለሁ። ለእናንተም ለራሴም እፈራለሁ።

የቤታችሁንም ገመድ ማለቴ ነው፤ ባለሙያ ለመጥራት አትፈሩ።

ደግሞ ልብ በሉ፤ ሽቦውን የቀጠለው ሰው አልተቃጠለም። ዛሬ ቤታችሁ ስትገቡ ራሳችሁን ጠይቁ፦ እኔ በቀጠልኩት ገመድ ጫፍ ላይ የተኛው ማን ነው?