የሽኮኮዎች ተራ ጥበቃ

ተረት ተረት፣ የአለት በረት።

አያ አንበሶና አያ ነብሮ ተጣልተው ተራራውን ለሁለት ተካፈሉት። መሃል ላይ ባለው አለት ሽኮኮዎች ይኖሩ ነበር። ልማዳቸው ሌሎቹ ሣር ሲግጡ አንዷ አናቱ ላይ ወጥታ መጠበቅ ነው።

ነብር መጥቶ «ከማን ጋር ናችሁ?» አለ።

«ከማንም ጋር አይደለንም» አለች አሮጊቷ ሽኮኮ።

«ጠላት ከሌላችሁ ታዲያ ዘበኛዋ ምን ትሠራለች?»

«እንዳይኖረን ነዋ፣ አያ ነብሮ!»

ነብር ስቆባት ሄደ። ከዚያ ወዲያ ግን እሱ አንበሳን ሊይዝ በአለቱ ሥር ባደፈጠ ቁጥር ዘበኛዋ ታፏጫለች፤ ሽኮኮዎቹ ስንጥቁ ውስጥ ይገባሉ፣ አንበሳም ከእንቅልፉ ይነቃል። አንበሳ ሲያደፍጥም ታፏጫለች፤ ነብር ይነቃል። አድፍጦ መያዝ የማይቻልበት ጠብ ሁለቱንም ሰለቻቸው።

ክረምቱ ሲገባ አንዱ ከአለቱ ወዲህ፣ ሌላው ወዲያ ሆነው እንቅልፋቸውን ይለጥጡ ጀመር። ዘበኛዋ ግን ተራዋ እስኪያበቃ አልወረደችም፤ ስትወርድም ሌላዋ ወጣች።