ኢኑተክ የሚሏት ደሴት

በሰሜን ዋልታ ግድም፣ ባሕሩ ከዓመቱ አብዛኛውን ጊዜ በረዶ ሆኖ በሚቆይበት አገር፣ ሰው ከቁርሱ ተነሥቶ ለምሳው በእግሩ ዞሮ የሚጨርሳት ድንጋያማ ደሴት አለች። ካርታ ላይ «የመስፍን ሮደሪክ ደሴት» ተብላ ተጽፋለች። መስፍኑ አይቷት አያውቅም፤ መስኮት ሲከፈት እንኳ የሚያስነጥሰው ሰው ነበር ይባላል። በማዶው ዳርቻ አቆስጣ የሚባለውን የባሕር አውሬ እያደኑ የሚኖሩት ሰዎች ግን ኢኑተክ ይሏታል።

እንደሚነገረው፣ የመስፍኑን ስም ያወጣላት ቫንደርሆልት የተባለ ካፒቴን ነው። ይህ ጉረኛ ጫማው እንዳይርስበት ሰግቶ ከመርከቡ ሳይወርድ፣ በጉም ውስጥ በመነጽር አሻግሮ አየና «በደቡቧ መልካም ወደብ አላት» ብሎ ካርታው ላይ ጻፈ። በደቡቧ ያለው ገደል ነው። ማዕበል ሲነሣ ካፒቴኑ መርከበኞቹን ወደዚያው ንዱ አለ፤ መንገድ ሊመራ የተሳፈረው አዳኝ ኢኑተክ ግን ተማጸነው።

«ጌታው፣ በዚያ ማረፊያ የለም፤ በሰሜን እንዙር።»

«እኔ የጻፍኩትን አንተ ልታርመው ነው?»

ምከረው ምከረው፣ እንቢ ካለ መከራ ይምከረው ይባላል፤ ያን ቀን ግን መከራው ያገኘው መካሪውን ነው። መርከቧ ገደሉ ላይ ተሰበረች፤ ካፒቴኑ ካርታውን ታቅፎ ከሁሉ ቀድሞ ጀልባ ላይ ዘለለ፤ ኢኑተክ ሰጠመ።

በዚያ አገር የሞተ ሰው ስም ለአዲስ ሕፃን እስኪሰጥ ከማንም አፍ አይወጣም፤ እስከዚያው ስሙ ቤት አጥቶ በብርድ ይንከራተታል ይላሉ። ሚስቱ አርናሉክ ልጅ አልነበራትም። ሁለት ዓመት ጠበቀች፤ በመንደሩ ሕፃን አልተወለደም፤ እሷም ደም መትፋት ጀመረች። የባሏን ስም ሜዳ ላይ ጥላ መሞት አስፈራት። ለደሴቷ ልስጠው ብትል ሽማግሌዎቹ ለድንጋይ የሰው ስም አይሰጥም ብለው ከለከሏት።

«ያ ከንቱ ሳይረግጣት ስም አወጣላት» አለቻቸው፤ «ባሌን የበላችብኝ እኔ ባወጣላት ምን ነውር አለው?»

አርናሉክም በቁርበት ጀልባ ተሻግራ በሰሜን በኩል ወረደች፤ ስም ሲወጣ ለሕፃን እንደሚደረገው በረዶ አቅልጣ ድንጋዩ ላይ አፈሰሰችና «ኢኑተክ!» ብላ ጮኸች። ስሙ ከአፏ ሲወጣ በሁለት ዓመት የመጀመሪያው ነበር። አልቅሳ ሲወጣላት፣ እንደ ልማዷ ተቆጣችው አሉ፤ «ከሞኝ ጋር ማን ተሳፈር አለህ!»

ካርታው ዛሬም ወደብ አላት ይላል። አዳኞቹ ግን በሰሜን ገብተው፣ አስቀድመው ውኃ ያፈሱላታል። በመንደሩም ኢኑተክ የሚባል ልጅ የለም፤ ወላጆች ሲጠየቁ «ስሙ ባለቤት አለው» ይላሉ።