ውርንጭላዋና የማለዳው ጨዋታ

አንድ ጊዜ ድርቅ ከየአገሩ ያፈናቀላቸው አራዊት አንድ ወንዝ ዳር ተጠጉ። አንበሳ ዝናብ እስኪጥል ማንም ማንንም እንዳይነካ አዘዘ፤ ጅብ ትእዛዙ የገባው ስንት ጊዜ ከተነገረው በኋላ ነው። እናቶች ምግብ ፍለጋ ሲሄዱ ልጆቹን ጦጣ ትጠብቅ ነበር። ማለዳው ብርዳም ስለሆነ በመስመር አሰልፋ ሰውነት የሚያሟሙቅ ጨዋታ ታጫውታቸዋለች። ችግሩ የጨዋታው ትእዛዝ በጦጣኛ ብቻ መሆኑ ነው። ያልገባቸው ሲበዙ ትጮኻለች፤ ድምፅ ሲጨምሩበት የሚገባ ይመስል።

ከልጆቹ መካከል እናቷ በስደቱ መንገድ የሞተችባት የአህያ ውርንጭላ ነበረች። በአህያኛ የሚያዋራት የለም። ከሌሎቹ ጋር ከመዝለል በቀር ሌላ ምኞት አልነበራትም። ማልዳ እየመጣች ፀሐይ ቀድማ የምታርፍበት ቦታ ላይ ትቆማለች።

ያን ቦታ ቀበሮ ተመኘው። በየጎረቤቱ ሲያደባ የሁሉንም ቋንቋ ለቃቅሟል።

«እኔ ልተርጉምልሽ፣ እህት ዓለም» አላት በአህያኛ።

የአፍ መፍቻ ቋንቋዋን ስትሰማ ልቧ ቀለጠ፤ የነገራትን ሁሉ አመነች። ጦጣ ዝለሉ ስትል «ተኚ ማለቷ ነው» አላት። ዙሩ ስትል «አናፊ ማለቷ ነው» አላት። ልጆቹ በሳቅ ፈረሱ። ጦጣም የተቀለደባት መስሏት ውርንጭላዋን ከመስመር አስወጣቻት፤ ቀበሮ ቦታዋን ወረሰ።

ውርንጭላዋ ግራር ሥር ብቻዋን ቆመች። እናቷ ክፉኛ ናፈቀቻት። ኋላ ኋላዋ ስትከተል የምትሰማው ኮቴ ትዝ አላት፤ እናቷ ታነክስ ስለነበር አረማመዷ ሁለቴ ጠንከር፣ አንዴ ለስለስ ይል ነበር። ሳታስበው በራሷ ኮቴ መሬቱን መታች። ዱብ ዱብ፣ ቸስ። ዱብ ዱብ፣ ቸስ።

የጅብ ግልገል አጥንት የሚሰበር መስሎት እየሮጠ መጣ። አጥንት አላገኘም፤ እግሩ ግን ሳያዘው ምቱን ያዘ። የሚዳቋ ልጅ ተከተለችው፣ ከዚያ የአንበሳ ደቦል፣ ከዚያ መስመሩ በሙሉ። ጦጣ ልትቆጣ አፏን ከፈተች፤ መልሳ ዘጋችውና ታጨበጭብ ጀመር።

«ኧረ ቆዩ፣ ምን ማለቷ እንደሆነ ልተርጉምላችሁ» አለ ቀበሮ። የዞረለት አልነበረም፤ ፀሐዩን ታቅፎ ቀረ።

ውርንጭላዋ ዓይኗን ጨፈነች። የእናቷ ኮቴ ከብዙ እግር ሥር ይሰማል። እንባዋ ወረደ፤ መምታቷን ግን አላቆመችም።

ከዚህ የምንማረው ባይተዋሩ ቋንቋችንን እስኪለምድ ዳር ይቁም ከማለታችን በፊት፣ ይዞት የመጣውን እርምጃ አብረነው መርገጥ እንደሚገባን ነው።